ፍጥነቱ ያው ነው፣ የልብ ምቱ ግን እየወጣ ነው፤ ደሙ የት ሄደ?

ጃንሜዳ_ማለዳ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ከአንድ የሩጫ መዝገብ ይነሳል። ሯጩ 34 ዓመቱ ነው፣ ክብደቱ 65 ኪሎ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርድ የሚለካው የልብ ምት 58። ቦታው ጃን ሜዳ፣ መሬቱ ደልዳላ፣ ሰዓቱ ረፋድ፣ ፀሐይ አለ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፣ በጠቅላላ 60 ደቂቃ፤ ውኃ አልተጠጣም። የልብ ምቱ በ10ኛው ደቂቃ 144፣ በ30ኛው 151፣ በ55ኛው 161።

ፍጥነቱ ካልተለወጠ ልብ ስለምን ይፈጥናል? 161 ለዚህ ዕድሜ ያሰጋል ወይ? «ደክሞ ነው» የሚለውን መልስ ብዙ ቦታ አንብቤዋለሁ። የምፈልገው በዚያ ሰዓት ደሙ የት እንዳለና ልብ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው ነው።

ፊዚዮሎጂ_መምህር፦

ርዕሱ ላይ «ደሙ የት ሄደ» ብለህ መጠየቅህ ግማሹን መልስ ይዟል። ልብ የመጣለትን ደም ነው የሚልከው፤ ካልመጣለት ሊልክ አይችልም። ይህን ከያዝን ሌላው ሁሉ ይፈታል።

ከእረፍት እንነሳ። አንድ አዋቂ ተቀምጦ ሳለ ልቡ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያወጣል። ምቱ በደቂቃ 70 ከሆነ 70 በ70 ሲባዛ 4.9 ሊትር ይሆናል። በሰውነት ውስጥ ያለው ደም በሙሉ 5 ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የደሙን ያህል መጠን በልብ በኩል ያልፋል ማለት ነው። ስፖርት የማይሠራ ጤነኛ ወጣት በሙሉ አቅሙ ሲሮጥ ይህ ወደ 20 ሊትር ይደርሳል። በረጅም ርቀት የላቁ አትሌቶች ከ35 ሊትር በላይ ያደርሱታል። የሚገርመው የሁለቱ ከፍተኛ የልብ ምት ተቀራራቢ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ያለው በአንድ ምት በሚወጣው ደም መጠን ላይ ነው።

ሩጫ ሲጀመር መጀመሪያ የሚለወጠው ነርቩ ነው። የልብ ምት መነሻ የሆነችው ሳይነስ ኖድ ብቻዋን ብትተው በደቂቃ 100 ያህል ትመታለች። በእረፍት 58 የሚታየው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ልጓም ስለያዛት ነው። ሩጫው እንደተጀመረ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምቶች ውስጥ፣ ልጓሙ ይላላል። ለዚህ ነው የልብ ምት ገና ላብ ሳይወጣ፣ ትንፋሽም ሳይፈጥን ዘሎ የሚነሳው። ወደ 100 እስኪጠጋ ድረስ ሥራው በአብዛኛው የልጓሙ መላላት ነው። ከዚያ በላይ ግን ሲምፓቴቲክ የሚባሉት ነርቮች እና አድሬናሊን መግፋት ይጀምራሉ፤ ልብም መፍጠን ብቻ ሳይሆን በየምቱ ጠንከር ብሎ ይጨመቃል።

ሁለተኛው ለውጥ ክፍፍሉ ነው። በእረፍት ከሚረጨው ደም ጡንቻ የሚያገኘው 15 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነው፤ ሆድ ዕቃና ጉበት ሩቡን፣ ኩላሊት አምስተኛውን ይወስዳሉ። በሙሉ አቅም ሩጫ ጡንቻ ከ80 በመቶ በላይ ይወስዳል፣ ሆድ ዕቃና ኩላሊት ወደ ጥቂት በመቶ ይወርዳሉ። የአንጎል ድርሻ በመቶኛ ሲታይ ያነሰ ቢመስልም በሚሊ ሊትር አይቀነስበትም። ክፍፍሉን የሚመራ አንድ አዛዥ የለም። ነርቮቹ የደም ቅዳ ቧንቧዎችን በየቦታው ያጠብባሉ፤ እየሠራ ያለው ጡንቻ ግን የራሱን ተረፈ ምርት፣ ማለትም አዴኖሲን፣ ፖታሲየም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲድ፣ እዚያው ስለሚያወጣ ትእዛዙን ሽሮ የራሱን ቧንቧዎች ይከፍታል። ደሙ በፍጥነት ሲያልፍ የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋንም ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቃል፤ ያ ደግሞ የበለጠ ያሰፋዋል። የማይሠራው ጠቦ ይቀራል፣ የሚሠራው ይከፈታል።

ሦስተኛው የመመለሻው መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። በእረፍት ከጠቅላላው ደም ከግማሽ በላይ፣ 60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው፣ በደም መልስ ውስጥ ነው የሚገኘው። የደም መልስ ግድግዳ ስስ ነው፣ ግፊቱም ዝቅተኛ ስለሆነ ደሙን ከእግር ወደ ልብ ለማውጣት እርዳታ ይፈልጋል። የባትና የጭን ጡንቻ በተጨመቀ ቁጥር ደም መልሱን ይጨምቀዋል፤ በውስጡ ያሉት ትናንሽ በሮች ወደ ታች እንዳይመለስ ያግዱታል። በጥልቀት ስንተነፍስም ደረት ውስጥ ያለው ግፊት ይወርድና ደሙን ወደ ላይ ይስበዋል። ሯጩ በየእርምጃው የራሱን ልብ እየሞላ ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ። በ10ኛው ደቂቃ በአንድ ምት 110 ሚሊ ሊትር ይወጣ ነበር እንበል። 110 በ144 ሲባዛ 15.8 ሊትር ነው። ፍጥነቱ ካልተለወጠ እግር የሚፈልገው ኦክስጅን ብዙም አይለወጥምና በ55ኛውም ደቂቃ ወደ 15.8 ሊትር ያስፈልጋል። ነገር ግን እስከዚያ ሁለት ነገር ሆኗል። ሰውነት ስለሞቀ ብዙ ደም ሙቀት ሊጥል ወደ ቆዳ ወጥቶ በቆዳ ሥር ባሉ ሰፋፊ ደም መልሶች ተኝቷል። ላብ ደግሞ ከደሙ ውኃ፣ ማለትም ከፕላዝማ፣ ቀንሷል። ወደ ልብ የሚመለሰው አነሰ፣ በአንድ ምት የሚወጣውም ወደ 98 ሚሊ ሊትር ወረደ። 15.8 ሊትሩን ለመሙላት 161 ጊዜ መምታት አለበት። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተመረጡ ናቸው፣ ስሌቱ ግን የሚሠራው እንዲህ ነው።

ሲስተር_ትርታ፦

መምህር የውስጡን ስላብራሩት እኔ 161 ያሰጋል ወይ የሚለውን ልያዝ።

«220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚለው ቀመር ለ34 ዓመት 186 ይሰጣል። በ2001 የታተመውና አሁን ብዙ ቦታ የሚሠራበት «208 ሲቀነስ 0.7 በዕድሜ» 184 ይሰጣል። በ34 ዓመት ልዩነታቸው ትንሽ ነው። በ60 ዓመት ግን አንዱ 160፣ ሌላው 166 ስለሚል ለትልልቅ ሰዎች ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሁለቱም አማካይ መሆናቸው አይረሳ፦ አንድ ጤነኛ ሰው ከቀመሩ በ10 ምት ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ምንም እንግዳ ነገር የለውም።

ከከፍተኛው በመቶኛ ማስላት የእረፍቱን ምት ይዘለዋል፤ ስለዚህ መጠባበቂያውን፣ ማለትም በእረፍቱና በከፍተኛው ምት መካከል ያለውን ልዩነት፣ አስሉ። 184 ሲቀነስ 58፣ 126 ይሆናል። በ10ኛው ደቂቃ 144 ሲቀነስ 58፣ 86 ነው፤ ለ126 ሲካፈል 68 በመቶ። በ55ኛው 103 ለ126፣ ወደ 82 በመቶ። ለጤነኛ ሰው 82 በመቶ በራሱ አደጋ አይደለም። ቀላል ልምምድ ተብሎ የተጀመረው ግን በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ለልብ ቀላል መሆኑ ቀርቷል።

ቁጥሩ እውነተኛ መሆኑንም አጣሩ። ከእጅ ሰዓት ጀርባ ያለው አረንጓዴ መብራት የሚለካው በቆዳ ሥር የደም መጠን ሲጨምርና ሲቀንስ ነው፤ ክንድ ሲወዛወዝም ያው ለውጥ ይፈጠራል። ስለዚህ አንዳንዴ ሰዓቱ የልብን ምት ትቶ እርምጃን ይቆጥራል። የሯጭ እርምጃ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ስለሆነ፣ ሰዓቱ በድንገት 165 ላይ ወጥቶ ቀጥ ካለ ጠርጥሩት። ማሰሪያውን ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጉት። የደረት ቀበቶ የተሻለ ነው፣ ግን ከመታጠቁ በፊት መረጣጠብ አለበት። መሣሪያ ከሌለ በጣት ነው፦ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ከአውራ ጣት ሥር፣ አንጓው ላይ። በአውራ ጣት አትለኩ፣ የራሱ ትርታ ያሳስታል። ለ15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙ። ከቆማችሁ በኋላ ምቱ ቶሎ ስለሚወርድ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ያሳንሰዋል። አንገት ላይ የምትለኩ ካላችሁ በአንድ ጎን ብቻ፣ ሳትጫኑ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መጫን ራስ ሊያዞር፣ ሊያስትም ይችላል።

አሰልጣኝ_ሱሉልታ፦

ለሲስተር ምስጋና። ለጠያቂው ግን ነገሩ ከዚህ ይቀላል ባይ ነኝ፦ የውኃ ጉዳይ ነው። ከሩጫ በፊትና በኋላ ራቁትን መመዘን፣ የጎደለውን መሙላት፣ አለቀ። አንድ ኪሎ መጉደል አንድ ሊትር ላብ ነው። ከ65 ኪሎ 1.3 ኪሎ ቢጎድል 2 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ምቱም ፍጥነቱም ይበላሻል።

ፊዚዮሎጂ_መምህር፦

ኮች፣ ውኃው ትልቁ ክፍል እንደሆነ እስማማለሁ። ሙሉው ግን አይደለም። ሯጩ ያላበውን ያህል እየጠጣ እንኳ ምቱ ከመጀመሪያው ከፍ ይላል፤ መጠኑ ነው የሚያንሰው። ሙቀት በራሱ የሳይነስ ኖድን ምት ያፈጥናል። እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለ፦ ምቱ የሚፈጥነው ልብ ስላልሞላ ነው ወይስ ልብ የማይሞላው ምቱ ስለፈጠነ? በ1999 የታተመ ሙከራ ላይ ሰዎች ለአንድ ሰዓት ያህል ብስክሌት ሲነዱ አቴኖሎል የሚባለው ልብን የሚያዘገይ መድኃኒት በትንሽ መጠን ተሰጥቷቸው የልብ ምታቸው እንዳይወጣ ተደረገ። በአንድ ምት የሚወጣው ደም ሳይቀንስ ቀረ። ስለዚህ ነገሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፦ ሙቀት ምቱን ያፈጥናል፣ የፈጠነ ልብ ለመሙያ ጊዜ ያጥረዋል፣ ያልሞላ ልብ ደግሞ ይፈጥናል። በላይኛው መልሴ አንዱን ጎን ብቻ ነበር ያስቀመጥኩት።

በተግባር ከዚህ የሚወጣው፣ ውኃ ብቻውን በቂ እንዳልሆነና ሙቀቱንም መቀነስ እንደሚያስፈልግ ነው። ፀሐይ ሳይጠና መጀመር፣ ስስ ልብስ፣ ራስና ክንድ ላይ ውኃ ማፍሰስ።

አሰልጣኝ_ሱሉልታ፦

ይህን አላውቅም ነበር፣ ተቀብያለሁ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የሚሮጠው ቡድንና ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የሚሮጠው በአንድ ፍጥነት የተለያየ ምት የሚያሳየው ለካስ ጠጥተውም ቢሆን ነው።

የአቡዳቢ_ምሽት፦

እዚህ በበጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንኳ 35 ዲግሪ ነው፣ እርጥበቱ ከባድ። በዚህ አየር የልብ ምትን በምን መምራት ይቻላል? እረፍት ሄደው የተመለሱ ወገኖች በመጀመሪያው ሳምንት ራሳቸውን ሲስቱ ይታያል።

ፊዚዮሎጂ_መምህር፦

ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም። አየሩ በእርጥበት ከተሞላ ላቡ ሳይተን ይወርዳል፣ ሰውነት ደግሞ ሙቀት ለመጣል ያለው አማራጭ ደም ወደ ቆዳ መላክ ይሆናል። በጣም ሲሞቅ ቆዳ ብቻውን በደቂቃ 6 እስከ 8 ሊትር ሊጠይቅ ይችላል። እግርም ቆዳም ከአንዱ ልብ ይሻማሉ፤ አንዱ ይጎድልበታል።

መልሱ መልመድ ነው፣ ጊዜውም የታወቀ ነው፦ ከ7 እስከ 14 ቀን። በመጀመሪያው ሳምንት ፕላዝማ ይጨምራል፤ በዚህም በተመሳሳይ ሥራ ላይ የልብ ምት ይወርዳል። ከዚያ ላቡ ቀድሞ መውጣት ይጀምራል፣ ጨዉም ይቀንሳል። ስለዚህ ከእረፍት ለተመለሰ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በፍጥነት ሳይሆን በምት ጣራ መሮጥ ነው፦ ጣራው 140 ከተባለ 140 ሲነካ መራመድ፣ ሲወርድ መሮጥ። በግንባታ ሥራ ላይ ላሉትም ይኸው ነው፣ ሥራው እንደ ሩጫ ልብን የሚያሠራ ነውና።

ውኃም በልክ ነው። ክብደት ከሩጫ በፊት ከነበረው ከበለጠ ከመጠን በላይ ተጠጥቷል ማለት ነው፤ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መደናገር ይከተላል። ሲብስ ሕይወት ያሳጣል።

ከዲሲ፦

ከኔ ጥያቄ ጋር ስለሚገናኝ ልጨምር። እዚህ ከባሕር ጠለል ብዙ በማይርቅ ከተማ በ140 ምት የሚሮጥ ፍጥነት፣ አዲስ አበባ ሲደረስ ከ150 በላይ ይወስዳል። የተወለድንበት አገር አይደለም ወይ? ስንት ቀን ይፈጃል?

ፊዚዮሎጂ_መምህር፦

አዲስ አበባ ወደ 2,355 ሜትር ላይ ናት። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚህም እዚያም 21 በመቶ ነው፣ የወረደው ግፊቱ ነው። በባሕር ጠለል 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው እዚህ 575 ገደማ ነው። በአየር ቧንቧ ውስጥ ያለው የውኃ እንፋሎት የሚይዘው 47 ሲቀነስና ከቀረው የኦክስጅን ድርሻ ሲወሰድ፣ የሚተነፈሰው ኦክስጅን ግፊት ከ149 ወደ 110 ይወርዳል።

በእረፍት ይህ ብዙም አይታወቅም። ቀይ የደም ሕዋስ በሳንባ ቀጫጭን ደም ስሮች ውስጥ በእረፍት ሦስት ሩብ ሰከንድ ያህል ይቆያል፣ ኦክስጅን ለመጫን በቂ ጊዜ ነው። በከባድ ሩጫ ይህ ወደ ሩብ ሰከንድ ያጥራል። ከፍታ ላይ ኦክስጅኑ የሚገባበት ግፊት ስለሚያንስ ሕዋሱ ጭነቱን ሳይሞላ ያልፋል። እያንዳንዱ ሊትር ደም ያነሰ ኦክስጅን ከያዘ፣ ለዚያው ፍጥነት ብዙ ሊትር መላክ ግድ ነው። ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀም በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ለአዲስ አበባ 8 ወይም 9 በመቶ፣ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ 15 በመቶ ገደማ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ኩላሊት ኦክስጅን ማነሱን በሰዓታት ውስጥ አውቆ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲመረት የሚያዘውን ሆርሞን፣ ኤሪትሮፖየቲን፣ ያመነጫል፣ አዲስ ሕዋስ ግን በቁጥር ለመጨመር ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት እንዲያውም ፕላዝማ ይቀንሳል። ደም ወፍሮ ሄሞግሎቢን፣ በሕዋሱ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ ከፍ ብሎ ይታያል፤ የጨመረው ሕዋስ ግን የለም፣ ያነሰው ውኃው ነው። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ምት ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፣ ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ማዘግየት ይበቃል።

«ተወልደንበት የለም ወይ» ለሚለው፦ በደጋ የኖረ ሕዝብ የራሱ የሆነ ነገር አለው። በ2002 በታተመ ጥናት በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢን በወንዶች በአማካይ 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር ነበር፤ የደም ኦክስጅን ሙሌታቸውም 95.3 በመቶ። ሁለቱም በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው የማይርቁ ናቸው። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት በተመሳሳይ ከፍታ ደማቸው በሕዋስ ይወፍራል፤ የኛዎቹ ያን ሳያስፈልጋቸው ይኖራሉ። ማሞ ወልዴ በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ፣ በ2,240 ሜትር ላይ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሲያሸንፍ በለመደው አየር ነበር የሮጠው። የሚወረሰው ግን አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ዓመታት በዝቅተኛ ቦታ የኖረ ሰው በልምምድ የሚገኘውን ክፍል እንደ አዲስ መሥራት አለበት።

ጃንሜዳ_ማለዳ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። በታላቁ ሩጫ መጨረሻ መስመር ላይ አልፈው ቆመው ወዲያው የሚወድቁትስ? ሲሮጡ ሳይወድቁ ሲቆሙ ለምን?

ሲስተር_ትርታ፦

ምክንያቱ መምህር ሦስተኛ ብለው የጠሩት ነው። ሲሮጥ ባቱ ደሙን ይገፋ ነበር። ቀጥ ብሎ ሲቆም መግፋቱ በአንድ ጊዜ ቆመ፣ የእግር ቧንቧዎች ግን ገና ክፍት ናቸው። ደሙ እግር ላይ ይተኛል፣ ልብ ባዶውን ይመታል፣ ደም ግፊት ይወርዳል፣ አንጎል ይራባል። ከውድድር በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መራመድ የሚባለው ለዚህ ነው። ሰልፍ ይዞ መቆም ግድ ከሆነ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ ባቱን ያሠራዋል።

የወደቀን ሰው አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ በአንድ ሁለት ደቂቃ ይነቃል። ደግፎ ማቆም ወይም ወንበር ላይ ማስቀመጥ ያንኑ ያራዝማል።

እየሮጠ ሳለ የወደቀ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ከመስመሩ በኋላ እንደወደቀው አትዩት። ልብ ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ የሙቀት ምት፣ ማለትም ሰውነት ከልክ በላይ ግሎ መውደቅ፣ ሊሆን ይችላል። ተጠርቶ ካልመለሰና ትንፋሹ ከሌለ ወይም እንደ ማቃሰት ብቻ ከሆነ፣ አምቡላንስ አስጠርታችሁ የደረቱን መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተጫኑ፤ በየመሃሉ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ይመለስ። ይህም ያው ነገር ነው፦ ደረቱ ካልተመለሰ ልብ አይሞላም። እየተነፈሰ ግን ተደናግሮ፣ ሰውነቱ ግሎ ከሆነ ደግሞ በተገኘው ውኃ ወዲያው ማቀዝቀዝ ነው፣ ሐኪም ቤት እስኪደርስ አይጠበቅም።

የጂም_ጎረምሳ፦

ክብደት ማንሳትስ? ምቱ 130 እንኳ ሳይሞላ ፊት የሚቀላውና ጆሮ የሚጮኸው?

ፊዚዮሎጂ_መምህር፦

በሩጫ የላይኛው የደም ግፊት ከ120 ወደ 180 ወይም 200 ይወጣል፣ የታችኛው ግን ባለበት ይቆያል ወይም ትንሽ ይወርዳል፣ ምክንያቱም የእግር ቧንቧዎች ተከፍተዋል። በከባድ ማንሳት ጡንቻው ራሱ ቧንቧዎቹን ጨምቆ ይዘጋቸዋል፣ ትንፋሽ ተይዞም ደረት ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ሁለቱም ግፊቶች አብረው ይወጣሉ። በ1985 በታተመ መለኪያ፣ ደም ቅዳ ውስጥ በገባ ቧንቧ፣ በእግር ሲገፉ ከነበሩት መካከል አንዱ 480 በ350 ደርሷል። ጤነኛ ሰው ለሰከንዶች ይችለዋል። ደም ግፊት ያለበት ግን ትንፋሹን ሳይይዝ፣ ሲያነሳ እያስወጣ፣ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ሊያነሳው በሚችል ክብደት ይሥራ። ካነሳ በኋላ ብድግ ብሎ መቆም የሚያዞረውም ትንፋሹ ሲለቀቅ ግፊቱ በድንገት ስለሚወርድ ነው።

አሰልጣኝ_ሱሉልታ፦

አንድ የተዘነጋ ነገር። ልምምዱም ውኃውም ሳይለወጥ የልብ ምቱ ለሳምንታት ከ8 እስከ 10 ከፍ ብሎ የቀረ ሯጭ፣ በተለይ ሴት አትሌት፣ ደሟ ይታይ። ብዙ ጊዜ ብረት ነው የሚጎድለው።

ሲስተር_ትርታ፦

ትክክል ብለዋል። አንድ ግራም ሄሞግሎቢን 1.34 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይይዛል። 15 ግራም ያለው ደም በዴሲሊትር ወደ 20 ሚሊ ሊትር፣ 11 ግራም ያለው ከ15 በታች ይይዛል። የጎደለውን ሩብ ልብ በምት ይሞላዋል። ሲመረመር ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲንም ይጠየቅ፣ ክምችቱ ከሄሞግሎቢን ቀድሞ ያልቃልና። ከፍታ ላይ ደግሞ መደበኛው ቁጥር ከፍ ስለሚል፣ ለቆላ የተሠራውን ወሰን እንዳለ መውሰድ ያሳስታል።

ምግቡን በተመለከተ፣ በእኛ ቤት ብረት አይታጣም፤ ጤፍም ምስርም ሽሮም አለን። ችግሩ የእህል ብረት በቀላሉ አይመጠጥም፣ ከማዕዱ ላይ ሳይነሱ የሚቀርበው ቡናና ሻይ ደግሞ የበለጠ ያግደዋል። ቡናውን ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቁት። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ዘይቱና ከምግቡ ጋር ሲሆን መመጠጡን ይጨምራል፤ በጾም ወራት ይህ በጣም ይጠቅማል። በራስ ግምት የብረት ክኒን አትጀምሩ፣ ሲበዛ ይጎዳል።

በልምምድ መጀመሪያ ሳምንታት ሄሞግሎቢን በትንሹ ወርዶ ሲታይ ግን አትደንግጡ። ፕላዝማው ከሕዋሱ ቀድሞ ስለሚጨምር ደሙ ቀጥኖ ነው። ያ መልካም ለውጥ ነው፣ ልብ የሚሞላበት ደም አገኘ ማለት ነው።

ሐኪም_ከጅማ፦

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ጤነኛ ልብን ይመለከታል። በአገራችን ሳይነገር መታለፍ የሌለበት የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በልጅነት በባክቴሪያ የመጣ፣ በሚገባ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም፣ ሰውነት ራሱን እንዲወጋ አድርጎ የልብን በሮች፣ ቫልቮቹን፣ ያቆስላል። ከዓመታት በኋላ በሩ ይጠባል ወይም ያፈስሳል።

የግራው የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለው ማይትራል ቫልቭ ከጠበበ፣ በእረፍት ምንም ላይሰማ ይችላል። ምክንያቱ ጊዜው ነው። በ60 ምት አንድ ዙር አንድ ሰከንድ ይፈጃል፣ ከዚያ ሁለት ሦስተኛው የመሙያ ጊዜ ነው። በ180 ምት ዙሩ ሦስተኛ ሰከንድ ይሆናል፤ የመጨመቂያው ጊዜ ብዙ ስለማያጥር የመሙያው ጊዜ ነው የሚበላው፣ ከ0.15 ሰከንድ በታች ይወርዳል። ጤነኛ በር ያሳልፋል። የጠበበው አያሳልፍም፣ ደሙ ወደ ሳንባ ይጠራቀማል፣ ወጣቱ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ተኝቶም ያስለዋል። እርግዝናም የደሙን መጠን ስለሚጨምር ይኸው ይደርሳል።

ስለዚህ «ስፖርት ስለማይሠራ ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ። ትንፋሽ ከእኩዮች በጣም ቀድሞ የሚያጥር፣ በሩጫ ጊዜ ደረትን የሚጨምቅ፣ እየሮጡ ራስን መሳት፣ ሳይሮጡ ምት ተዘበራርቆ መሮጥ፣ በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነት ድንገተኛ ሞት፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ ልምምዱ ቆሞ ልብ በጆሮ ይደመጥ፣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እና የልብ አልትራሳውንድ ይነሳ። ሕመሙ ያለባቸው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወስዱትን የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ደህና ነኝ ብለው እንዳያቋርጡ፤ መርፌው የሚከላከለው ቀጣዩን ጥቃት ነው።

አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል፣ ፕሮፕራኖሎል የመሳሰሉ የሚወስዱም በዚህ ክር ያሉትን የምት ቁጥሮች አይከተሉ። መድኃኒቱ ጣራውን ዝቅ ያደርገዋል። ለእነሱ መለኪያው ንግግር ነው፦ እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ልኩ ነው፣ በየሁለት ቃሉ ከተነፈሱ በዝቷል።

ጃንሜዳ_ማለዳ፦

እንግዲህ ምልክቶቹ የሉም እንበል። ይህ መውጣት በልምምድ እየተሻሻለ መሆኑ በምን ይታወቃል?

አሰልጣኝ_ሱሉልታ፦

በየሦስት ሳምንቱ ያንኑ 60 ደቂቃ ድገመው፣ ያው ሜዳ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ፍጥነት። የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ጣለው፣ ገና ማሟሟቂያ ነው። የቀረውን 50 ለሁለት ከፍለህ የየ25 ደቂቃውን አማካይ ምት ውሰድ። የመጀመሪያው 147፣ የሁለተኛው 157 ቢሆን 10 ለ147 ሲካፈል ወደ 7 በመቶ ነው። እኛ አሰልጣኞች 5 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን ፍጥነቱን ቻለው እንላለን። ከበለጠ ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ሰከንድ አዘግየው እንጂ ርቀቱን አትቁረጥ። ልቡ በአንድ ምት የሚያወጣው የሚጨምረው በረጅሙና በቀስታው ነው።

ከሩጫው ማግስት ጠዋት የእረፍት ምቱን መዝግብ። ከተለመደው 58 ወደ 66 ወጥቶ ካደረ ያን ቀን እረፍት ነው።

ሲስተር_ትርታ፦

አንድ ልጨምር፦ እንዳቆምክ ያለውን ምትና በዝግታ እየተራመድክ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ያለውን ጻፍ። ቬገስ ልጓሙን መልሶ ሲይዝ የሚታየው እዚያ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚወርደው 12 ወይም ከዚያ በታች ከሆነና በተደጋጋሚ ከታየ ለሐኪም አሳየው። ከ161 ወደ 130 ከወረደ ደህና ነው።

ጃንሜዳ_ማለዳ፦

ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል፣ በ5 ደቂቃ ከ55፣ ግማሽ ሊትር ውኃ ተይዞ፣ ከፊትና ከኋላ ተመዝኖ፣ በደረት ቀበቶ። ሁለቱን የ25 ደቂቃ አማካዮችና የአንድ ደቂቃውን መውረድ እዚሁ ክር ላይ አስቀምጣለሁ።